ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማን ነቅቷል?

እንደምን አመሻችሁ። እንዲህ ዓይነት አዳራሽ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ «ስልካችሁን አጥፉ» ይባላል። እኔ አልልም። ቤቱ ታማሚ ያለበት ሰው ስልኩን አያጠፋም። ቢጮህባችሁ ውጡና አነጋግሩ፣ ከዚያ ተመለሱ። ማንም አይቆጣችሁም።

ሐኪም አይደለሁም። ሁለት ዓመት ከምናምን እናቴን አስታምሜአለሁ። የሳንባ ካንሰር ነበረባት። ዛሬ የማወራው ግን ስለ አስታማሚው ነው። በተለይ አስታማሚው በስልኩ ስለሚያገኘው እርዳታ፤ እርዳታ መስሎት ስለሚያገኘውም ነገር ጭምር።

ከአንድ ሌሊት ልጀምር። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው። እናቴ ሦስት ትራስ ተደግፋ ተኝታለች። እኔ ትንፋሿን እቆጥራለሁ። ስንት መሆን እንዳለበት አላውቅም፤ ዝም ብዬ እቆጥራለሁ። ብርሃኑ እንዳይቀሰቅሳት ስልኬን ብርድ ልብስ ውስጥ ይዤ ገባሁ። «የሳንባ ካንሰር ደረጃ አራት ስንት» ብዬ መጻፍ ስጀምር ስልኩ የቀረውን ራሱ ሞላልኝ። ከእኔ በፊት ስንቱ ጠይቆት ይሆን!

እስኪነጋ አነበብኩ። ሲነጋ ከማታው የባሰ ፈርቼ ነበር። ለእናቴ የሚሆን አንድም ነገር በእጄ አልነበረም። የትራሷን አቀማመጥ እንኳን አላሻሻልኩም።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንላለን። ቀን ቀን እውነት ነው። ዘመድ አለ፣ ጓደኛ አለ፣ ሐኪም ቤቱም ክፍት ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግን ሃምሳውም ሎሚ ያንድ ሰው ነው።

አሁን ትንሽ ቁጥር ልጥራ። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጠራው። በ2022 በዓለም ላይ 2.5 ሚሊዮን ገደማ አዲስ የሳንባ ካንሰር ታማሚ ተገኝቷል። 1.8 ሚሊዮን ገደማ ሰው በዚሁ ሕመም ሞቷል። የዚህን ያህል ሰው የሚገድል ሌላ የካንሰር ዓይነት የለም። በእነዚህ ቁጥሮች ውስጥ አስታማሚው የለም።

የሳንባ ካንሰር አስታማሚ ደግሞ አንድ የተለየ ችግር አለበት፤ ለመልመድ ጊዜ አያገኝም። በሽታው ሲጀምር ምልክት ስለማያሳይ ብዙ ጊዜ የሚደረስበት ዘግይቶ ነው። ሰኞ ልጅ የነበርክ ሰውዬ አርብ ነርስ ሆነህ ታድራለህ። መድኃኒት በሰዓቱ ትሰጣለህ፣ ሙቀት ትለካለህ፣ ወረፋ ትይዛለህ። ለአክስትህ ስልክ መልሰህ «ደህና ናት» ትላለህ። ይሄ የመጨረሻው ከሁሉም ያደክማል።

ሹልዝና ቢች የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1999 አሜሪካ ውስጥ አንድ ጥናት አውጥተው ነበር። ባላቸውን ወይም ሚስታቸውን የሚያስታምሙ አረጋውያንን ለአራት ዓመት ተከታተሉ። ማስታመሙ የከበዳቸው ሰዎች፣ ከማያስታምሙት እኩዮቻቸው ጋር ሲወዳደሩ የመሞት ዕድላቸው በ63 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። ቆይ፣ አትደንግጡ። ሰዎቹ ዕድሜአቸው 66ና ከዚያ በላይ ነው፤ ጥናቱም ስለ ካንሰር ብቻ አይደለም። እኔን የገረመኝ ሌላው ክፍሉ ነው። እያስታመሙ «አልከበደንም» ያሉት ሰዎች ላይ ያ ልዩነት አልታየም። ስለዚህ ጥያቄው ጫናውን ምን ያቀለዋል የሚለው ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ዛሬ የመጣሁበት ዋናው ነገር ይሄ ነውና።

አሜሪካ ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዴቪድ ጉስታፍሰን የሚባል ሰው የመራው ቡድን ነበር። ታማሚዎችንና ቤተሰቦቻቸውን በኮምፒውተር ለመርዳት ብለው «ቼስ» የሚባል ነገር ሠሩ። ከዚያም የገፋ የሳንባ ካንሰር ያለባቸውን ሰዎች ከነአስታማሚዎቻቸው፣ 285 ጥንድ፣ ለሁለት ከፈሏቸው። አንዱ ቡድን ኢንተርኔትና ስለ ሳንባ ካንሰር ጥሩ ጥሩ ገጾች ዝርዝር ተሰጠው። በቃ። ሁለተኛው ቼስን አገኘ። እዚያ ውስጥ የተጣራ መረጃ አለ፣ እንደነሱ ካሉ ሰዎች ጋር መጻጻፊያ አለ፣ ባለሙያ የሚጠየቅበት ቦታም አለ። አስታማሚው የታማሚውን ስሜት ይመዘግባል። ሕመሙ ወይም የትንፋሽ ማጠሩ ከተወሰነ ልክ ካለፈ መልእክቱ ለሕክምና ቡድኑ ይደርሳል።

ከስድስት ወር በኋላ የቼስ አስታማሚዎች ጫናው ቀሎላቸው፣ መንፈሳቸውም ተሽሎ ተገኘ።

ልብ በሉ፤ ሁለቱም ቡድኖች ኢንተርኔት ነበራቸው። የመጀመሪያው ቡድን ያለው እኔ ብርድ ልብስ ውስጥ የነበረኝን ነው፤ እንዲያውም የተሻለ፣ ዝርዝር ተሰጥቶታል። የጎደለው ከወዲያ በኩል ያለው ሰው ነው። ሲጽፉለት የሚመልስ፣ ሳይጽፉለትም የሚጠይቅ።

ተመሳሳይ ነገር በታማሚዎችም ላይ ታይቷል። ኒው ዮርክ ውስጥ በሜሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ ካንሰር ማዕከል 766 የገፋ ካንሰር ያለባቸው ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ነው፤ የሳንባም አለበት። ስሜታቸውን በኢንተርኔት እየመዘገቡ፣ ሲብስባቸው ነርስ እንድታውቅ የተደረጉት በመካከለኛ ስሌት 31.2 ወር ኖሩ። በተለመደው መንገድ የታከሙት 26 ወር። ውጤቱ የወጣው በ2017 ነው። አዲስ መድኃኒት አልተጨመረም፤ ስሜታቸውን የሚናገሩበት መንገድ ብቻ ነው የተለየው።

አሁን እኔ ራሴ ስለገባሁበት የአስታማሚዎች የኦንላይን ግሩፕ ላውራ።

በሁለተኛው ወር አንድ የታመነ ሰው አስገባኝ። ሠላሳ ገደማ ሰው ነን፤ ሁላችንም አስታማሚ። በሳምንት ሁለት ማታ በካንሰር ክፍል ለዓመታት የሠራች ነርስ ገብታ ጥያቄ ትመልሳለች። መጀመሪያ የጻፍኩት ረጅም ነበር፤ የምርመራው ውጤት፣ የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑ፣ ሁሉም። ነርሷ አንብባ ሁለት ጥያቄ መለሰችልኝ። «ሌሊት ትንፋሽ ሲያጥራት ምን ታደርጋላችሁ?» የሚለው አንደኛው ነው። ሁለተኛው «አንተስ? ትተኛለህ?»

ሁለተኛውን መልስ ጻፍኩና አጠፋሁት። እንደገና ጻፍኩና አጠፋሁት። እስከዚያ ቀን ድረስ «አንተስ?» ያለኝ ሰው አልነበረም።

የመጀመሪያውን ግን ሌሎቹ ተቀባበሉት። አንዷ «በእጅ የሚያዝ ትንሽ ማራገቢያ አላችሁ?» አለች። የቀለደች መሰለኝ። ካንሰር በማራገቢያ! ለካ የታወቀ ነገር ነው። ቀዝቃዛ አየር ፊት ላይ፣ አፍንጫና ከንፈር አካባቢ ሲነፍስ፣ ፊት ላይ ያለው ነርቭ ለአንጎል መልእክት ያደርሳል። «አየር አጣሁ» የሚለው ስሜት በዚያ ይቀንሳል። ኦክስጅኑን አይጨምርም፤ ድንጋጤውን ነው የሚያበርደው። የትንፋሽ ማጠር ግማሹ ደግሞ ድንጋጤ ነው። ስትደነግጥ ቶሎ ቶሎ ትተነፍሳለች፣ ቶሎ ቶሎ ስትተነፍስ የባሰ ያጥራታል፣ ሲያጥራት የባሰ ትደነግጣለች። እኔ ደግሞ አጠገቧ ቆሜ «ምን ሆንሽ፣ ምን ሆንሽ» እያልኩ እጨምርላታለሁ።

ቁጭ አድርጋት አሉኝ። ወደ ፊት ዘንበል ትበል፤ ክንዶቿ ትራስ ወይም ጠረጴዛ ላይ ይረፉ። «ሳቢ» አትበላት፣ «አውጪ» በላት፤ አየሩ ቀስ ብሎ ረዘም ብሎ ሲወጣ መግባቱ ራሱ ይመጣል። አንተ ደግሞ አፍህን ዝጋ። ይህን የመጨረሻውን ያለችኝ ሴት አሁንም ጓደኛዬ ናት።

በማግስቱ ነርሷ ይህን ሁሉ አንብባ አንድ ነገር ጨመረች። ለትንፋሽ ማጠር በትንሽ መጠን ሞርፊን ሊታዘዝ እንደሚችል፣ ሐኪሟን እንድጠይቅ ነገረችኝ። ሞርፊን ሲባል የመጨረሻው መጨረሻ ይመስለኝ ነበር። ባትነግረኝ አልጠይቅም ነበር።

የምግቡ ነገር ደግሞ አለ። እኛ ቤት ጠቡ ሁሉ በሳህን ላይ ነበር። «ትንሽ ብቻ ቅመሺ፣ ለእኔ ስትይ» እላለሁ። እናቴ ፊቷን ታዞራለች። እኔ እከፋለሁ። እሷ እኔ በመከፋቴ ትከፋለች። አንድ ቀን ግሩፑ ውስጥ አንዲት ሴት «ባሌ የሠራሁትን አልበላም ካለ ሳምንቱ ነው፤ ሊሞትብኝ ነው ወይስ ጠልቶኛል?» ብላ ጻፈች። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ዘጠኝ ሰው መለሰላት። ዘጠኛችንም ቤት ያው ሳህን ነበር።

ነርሷ ያስረዳችን እንዲህ ነው። የገፋ ካንሰር ሰውነት ውስጥ የሚለቃቸው ኬሚካሎች የምግብ ፍላጎትን ራሱን ያጠፉታል፤ ጡንቻንም ያሟሽሻሉ። እየከሳ ያለው ስላልበላ ብቻ አይደለም፤ በግድ ቢበላም አይመለስለትም። ስለዚህ በትንሽ ሳህን፣ ደስ ባላት ሰዓት፣ የፈለገችውን። እምቢ ካለች ሳህኑን አንስቶ ስለ ሌላ ነገር ማውራት። ካስታወካት፣ አፏ ከቆሰለ ወይም ለመዋጥ ካስቸገራት ግን ለሐኪሙ ይነገር፤ ያ መድኃኒት አለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኛ ቤት በሳህን መጣላት ቀረ። ይህን ነገር ጉግል ላይ ባገኘው ኖሮ አምነው ነበር? አይመስለኝም። ያመንኩት ነርሷ ስለጻፈችው ነው።

በነገራችን ላይ ሁልጊዜ ለቅሶ አይደለም። አንዷ ባሏ ከኬሞ በተመለሰ ማታ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ቁምሳጥኑን አራግፎ ልብስ በቀለም ሲደረድር አገኘችው። «ሠላሳ ዓመት ካልሲውን አንስቶ አያውቅም!» አለች። ከኬሞው ጋር የሚሰጠው ዴክሳሜታሶን የሚባል መድኃኒት እንቅልፍ ያሳጣል፣ ያቁነጠንጣል፣ አንዳንዱንም ያናድዳል። ጠዋት መውሰድ ይችል እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቂ ተባለች። ሌላው «ጥሩ፣ ግን የኔንም ቁምሳጥን እስኪጨርስ ቆዪ» አለ።

አሁን ወደሚያመው ልምጣ። «ታጨስ ነበር?»

ያልጠየቀኝ የለም። ጎረቤቱ፣ የሥራ ባልደረባው፣ አንዴ እንዲያውም ደም ሊቀዳ የመጣ ባለሙያ። እናቴ ሲጋራ በእጇ ይዛ አታውቅም። ስለዚህ ሳልጠየቅ መመለስ ለመድኩ። «የሳንባ ካንሰር አለባት፤ ግን አጭሳ አታውቅም።» ያቺ «ግን» ጋሻዬ ነበረች። ግሩፑ ውስጥም ጻፍኳት።

በማግስቱ አንድ ሰው በግል ጻፈልኝ። «የኔ አባት አርባ ዓመት አጭሷል። እና?» ሌላ ቃል የለውም።

ስልኩን ይዤ ቀረሁ። እናቴን የተከላከልኩ መስሎኝ የእሱን አባት ከሰስኩ። አሜሪካ ውስጥ ከሳንባ ካንሰር ታማሚዎች ከ10 እስከ 20 በመቶ የሚሆኑት አጭሰው የማያውቁ ወይም በሕይወታቸው ከ100 ሲጋራ በታች ያጨሱ ናቸው። የሌላ ሰው ጭስ አለ፣ ከመሬት የሚወጣ ሬደን የሚባል ጋዝ አለ፣ አስቤስቶስ አለ፣ የተበከለ አየር አለ። ይህን ማወቅ ጥሩ ነው። ለሰው ሲነገር ግን «የኛ ንጹሕ ነው» የሚል ድምፅ እንዳይኖረው መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ሰውዬውን ይቅርታ ጠየቅሁት። ከዚያ በኋላ ብዙ ተጻጻፍን። አባቱ ላይ ተናዶ እንደነበር፣ እዚያው ክፍል ውስጥ ሲጋራውን ለኩሶለት ያደገ ልጅ እንደሆነ፣ የራሱን ሳንባ እንደሚፈራ ነገረኝ። ይህን ለእናቱ መናገር አይችልም። ለአባቱማ እንዴት! ለማያውቀው ሰው፣ ፊቱን ለማያየው ሰው ግን ጻፈው። የኦንላይን ግሩፕ ከጎረቤት የሚበልጥበት አንድ ነገር ቢኖር ይሄ ነው።

ሌላም አለ። አንዳንዱ የሳንባ ካንሰር ዓይነት በጣም ጥቂት ሰው ላይ ነው የሚገኘው። ሮስ ዋን የሚባለው የጂን ለውጥ ያለበት ከመቶ የሳንባ ካንሰር ታማሚ አንድ ወይም ሁለት ሰው ቢሆን ነው። ሐኪሙ ራሱ ከእናንተ በፊት አይቶ ላያውቅ ይችላል። እነዚህ ሰዎችና አስታማሚዎቻቸው በ2015 በኢንተርኔት ተገናኝተው «ሮስዋንደርስ» የሚባል ስብስብ አቋቋሙ፤ ኋላም ለምርምር ናሙና እስከመስጠት ደረሱ። እንደ ካንሰርኬር ያሉ ከ1944 ጀምሮ ያሉ ድርጅቶች ደግሞ በሶሻል ወርከር የሚመሩ ነጻ የኦንላይን ግሩፖች አሏቸው፤ ለአስታማሚ ብቻ የሆኑም አሉ። እንግሊዝኛ ለሚችል ጥሩ ነው።

አደጋውን ሳልናገር ብሄድ ደግሞ አጭበረበርኳችሁ ማለት ነው።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። ግሩፑ ውስጥ በገባሁ በሳምንቱ አንድ ሰው በግል «እናትህን የሚያድን ዱቄት አለኝ» አለኝ። ዋጋውንም ነገረኝ። የምነግራችሁ እውነት ነው፤ ሦስት ቀን አሰብኩበት። በ2021 የዩታ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ያሉበት ቡድን አንድ ጥናት አወጣ። ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ በጣም የተሰራጩ 200 የካንሰር ጽሑፎችን፣ የሳንባንም ጨምሮ፣ በባለሙያ አስመረመሩ። ከሦስት አንድ ገደማው የተሳሳተ ነበር፤ ከተሳሳተው አብዛኛው ሰውን ሊጎዳ የሚችል። የባሰው ነገር፣ የተሳሳተው ከትክክለኛው ይበልጥ ላይክና አስተያየት ማግኘቱ ነው።

«ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም» ለሚለውም መልስ አለኝ። ቤታ ካሮቲን ተፈጥሯዊ ነው። በ1990ዎቹ ፊንላንድና አሜሪካ ውስጥ ለአጫሾች በእንክብል ሲሰጥ የሳንባ ካንሰርን ሲያበዛ ተገኘ። ሴንት ጆንስ ዎርት የሚባለው ዕፅም ተፈጥሯዊ ነው፤ ግን አንዳንድ የሳንባ ካንሰር እንክብሎች ከሰውነት ቶሎ እንዲወገዱ ያደርግና አቅማቸውን ይቀንሳል። ለሐኪሙ ሳታሳዩ ምንም አትስጡ። ግሩፕ ስትመርጡ ደግሞ ሻጭን የሚያባርር አስተባባሪ ያለበትን ምረጡ። የኛዋ በደቂቃ ነበር የምታስወጣው።

ያ ሌሊት ያነበብኩት ቁጥርስ? «አምስት ዓመት የሚኖረው ይህን ያህል በመቶ» የሚለው የተሰላው ቢያንስ ከአምስት ዓመት በፊት ሕመሙ ከታወቀባቸው ሰዎች ነው። ኢሚውኖቴራፒ፣ ማለትም የሰውነትን የራሱን መከላከያ ካንሰሩን እንዲዋጋ የሚያነቃቃው ሕክምና፣ ለሳንባ ካንሰር አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በ2015 ነው። ከዚያ በፊት የታከመ ሰው ቁጥር ዛሬ ስለሚታከም ሰው ብዙ አይናገርም። ቁጥሩ የሚለያየውም በዓይነቱ፣ በደረጃው፣ በጂኑ ነው። ለሐኪሟ ተዉት፤ እሱም እናንተ ከጠየቃችሁ፣ እሷም መስማት ከፈለገች።

ግሩፕ ውስጥ ሰው ይሞታል። በየቀኑ የሚጽፍ ሰው አንድ ቀን ዝም ይላል፤ ሁላችንም ይገባናል። የእናቴ ስካን ሲደርስ ግሩፑን ለሳምንት ድምፅ አጠፋው ነበር። ነውር አይደለም። ስመለስም ማንም የት ነበርክ አላለኝም።

እነዚህ ነገሮች ከታዩ ግን ግሩፕ ላይ አትጻፉ። ኬሞ ላይ ያለ ሰው ሙቀቱ 38 ከደረሰ፣ ደም ካሳለ፣ ትንፋሹ በድንገት ከባሰ፣ ከተወናበደ ወይም ሰው መለየት ካቃተው፣ እግሩ በድንገት ከከዳው፣ ደውሉ፣ ውሰዱት። አንድ ጊዜ አንድ ሰው «ሙቀቷ 38.6 ነው፣ ምን ላድርግ?» ብሎ ጽፎ መልስ ሲጠብቅ ሃያ ደቂቃ ጠፋ። ደግነቱ ነርሷ መስመር ላይ ነበረች። «አትጻፍ! ተነስ!» ነው ያለችው።

እዚህ ላብቃና ጥያቄ ልቀበል።

(ከኋላ ረድፍ አንዲት ሴት እጇን አነሳች። ባለቤቷ ሕመሙን ለማንም እንዳትናገር እንዳስማላት፣ ግሩፕ ብትገባ ክህደት ይሆንባት እንደሆነ ጠየቀች።)

እህቴ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። የእሱ ሕመም የእሱ ነው። የአንቺ እንቅልፍ ማጣት ግን የአንቺ ነው፤ ስለ እንቅልፍሽ መጻፍ ትችያለሽ። ስሙን፣ ፎቶውን፣ የሚታከምበትን ቦታ፣ የሐኪሙን ስም አትጻፊ። የምርመራ ወረቀት ፎቶ አንስተሽ አትላኪ፤ ጥጉ ላይ ስም አለበት። ከቻልሽ ደግሞ ንገሪው። እኔ ለእናቴ ደብቄአት ነበር። አንድ ሌሊት ብርድ ልብስ ውስጥ ስስቅ ያዘችኝ፤ የቁምሳጥኑ ሰውዬ ቀን ነው። ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር። ዝም አለችና «ስንት ሰው ነው እዛ ውስጥ ያለው?» አለችኝ። ሠላሳ ገደማ አልኳት። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት መድኃኒቷን ሳትውጥ በፊት ትጠይቀኝ ነበር። «ያቺ ባሏ አልበላም ያላትስ? ትናንት ቀመሰላት?»